ከአምበልነት ወደ አሠልጣኝነት፦ ሉቻኖ ቫሳሎና የድሬዳዋ እግር ኳስ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተካሄደው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ እስከ ዛሬ አቻ አልተገኘለትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የቀደሙትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ተከታትላ የወሰደችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአህጉሩ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበሉት የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ።

ሉቻኖ ቫሳሎ በስፖርት ቤተሰቡ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት በዚያ ዕለት ዋንጫውን ከፍ አድርገው ባነሡበት ፎቶግራፍ ነው። ይሁንና የሕይወት ታሪካቸው በዚያ ቀን አይጀምርም፤ በዚያ ቀንም አያበቃም። ከአሥመራ ተነሥተው በድሬዳዋ የፋብሪካ ክለብ የተጫወቱ፣ ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት የመሩ፣ በኋላም ያንኑ ቡድን በአሠልጣኝነት የያዙ፣ በመጨረሻም አገር ለቀው በስደት ሕፃናትን ኳስ ሲያስተምሩ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ይህ ጉዞ አንድ ተጫዋች ወደ አሠልጣኝነት ሲሸጋገር ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን እንደሚጎድለው፣ አገርም ከእንዲህ ያለው ባለሙያ ምን ልታተርፍ ወይም ልታጣ እንደምትችል በግልጽ ያሳያል።

ከአሥመራ የተጀመረ ጉዞ

ሉቻኖ ቫሳሎ የተወለዱት ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከተማ ነው። አባታቸው ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናታቸው ደግሞ ኤርትራዊት ነበሩ። በዚያን ዘመን ከጣሊያናዊ አባትና ከአገሬው እናት የተወለዱ ልጆች ሕይወት ቀላል አልነበረም። የቅኝ ገዢው የዘር ሕግ አባቶች ልጆቻቸውን በሕጋዊ መንገድ እንዳይቀበሉ ይከለክል ስለነበር፣ ልጆቹ በአንዱ ወገን እንደ ባዕድ፣ በሌላውም ወገን እንደ እንግዳ ይታዩ ነበር። ሉቻኖም ያደጉት በእናታቸው እጅ ሲሆን፣ ትምህርታቸውን ብዙ ሳይገፉ በመካኒክነት ሙያ ሥራ ጀምረዋል።

ኳስ የተዋወቋቸው በአሥመራ መንደሮች ነው። አሥመራ በዚያ ዘመን በርካታ ክለቦች የነበሯት፣ እግር ኳስ በሥርዓት የሚካሄድባት ከተማ ነበረች። ሉቻኖ ከተጫወቱባቸው ክለቦች መካከል እንደ እርሳቸው ከሁለት ወገን የተወለዱ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ስቴላ አሥማሪና ይጠቀሳል። ታናሽ ወንድማቸው ኢታሎ ቫሳሎም በዚያው ጎዳና ተከትለዋቸዋል።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ የአሥመራ ተጫዋቾች ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ ጀመሩ፤ የከተማዋ ክለቦችም በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተሳትፈው ዋንጫ እስከ ማንሣት ደርሰዋል። ብሔራዊ ቡድኑ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ጥንካሬ ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ የተሰባሰቡ ተጫዋቾች ውጤት ነበር። ሉቻኖ በዚያ ቡድን ውስጥ የመሐል ሜዳው ሞተር፣ ግብ አስቆጣሪና መሪ ሆነው ወጡ።

ድሬዳዋ፦ የፋብሪካና የኳስ ከተማ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲ የምድር ባቡር ሐዲድ በደረሰባት ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባቡሩ ምክንያት የንግድና የእንግዳ መናኸሪያ ሆነች። ከከዚራ ዛፎች ጥላ ጀምሮ ደቻቱን ተሻግሮ እስከ መጋላ ድረስ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድነት የኖሩባት ከተማ ናት። በኋላም ከአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው ሥራ ጀመሩ።

እነዚህ ፋብሪካዎች ጨርቅና ሲሚንቶ ብቻ አላመረቱም፤ የእግር ኳስ ክለቦችንም አቋቁመዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ ጥጥ ማኅበር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውም ኢትዮ ሲሚንቶ በአገሪቱ እግር ኳስ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ነበራቸው። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ስድስት የውድድር ዘመናት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። አራቱን ጥጥ ማኅበር፣ ሁለቱን ደግሞ ኢትዮ ሲሚንቶ ወስደዋል። ከዋና ከተማዋ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ የአገሪቱን ዋንጫ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት በእጇ ማቆየቷ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው።

ይህ ውጤት በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ዛሬ በሚታወቀው መልኩ ለኳስ ብቻ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች አልነበረም። ተጫዋቹ ኑሮውን የሚመራበት ሥራ ያስፈልገው ነበር። የፋብሪካ ክለብ ይህን ችግር ይፈታል። ተጫዋቹ በድርጅቱ ውስጥ በሥራ መደብ ይቀጠራል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ልምምድ ያደርጋል፤ ውድድር ሲኖር ይለቀቃል። ሥራ ያለው ተጫዋች ደግሞ ቤት ይመሠርታል፤ በከተማው ይረጋል፤ ከቡድን ጓደኞቹም ጋር ለዓመታት አብሮ ይጫወታል። ብዙ ዓመት አብረው የተጫወቱ ሰዎች የሚያገኙት መግባባት በሳምንታት ልምምድ የሚገኝ አይደለም።

ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ ከአሥመራ ወደ ድሬዳዋ የመጡት ለዚህ ለጥጥ ማኅበር ነው። በመሆኑም በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ወቅት ድሬዳዋ የብሔራዊ ቡድኑን አምበልና በፍጻሜው ግብ ያስቆጠሩትን ሁለት ወንድማማቾች ያፈራ ክለብ ባለቤት ነበረች።

የጥጥ ማኅበር ዝና በአገር ውስጥ ብቻ አልተወሰነም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ዋንጫ በ1957 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ አክራ የመጨረሻ ምዕራፉ ላይ ሲደርስ፣ ከአህጉሩ ከቀሩት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነበር። ከእርሱ ጋር ለመጨረሻው ምዕራፍ የበቁት የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያንና የጋናው ሪል ሪፐብሊካንስ ሲሆኑ፣ ዋንጫውን ኦሪክስ ዱዋላ ወስዷል።

የጥር 13ቱ ጨዋታ

የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አራት ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበት ነበር። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ስትደርስ፣ በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ አለፈች። ይህ ለኢትዮጵያ ከባድ ተጋጣሚ ነበር። ግብጽ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋለች። ከሁለት ዓመት በኋላም በካይሮ በተመሳሳይ ውጤት አሸንፋለች።

ጨዋታው ሲጀመር ያ ታሪክ የሚደገም መሰለ። በ35ኛው ደቂቃ የግብጹ ባደዊ አብደል ፈታህ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠሩ። ኢትዮጵያ ለአቻነት እስከ 74ኛው ደቂቃ መጠበቅ ግድ ሆነባት። ግርማ ተክሌ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጥረው የስታዲየሙ ደስታ ገና ሳይበርድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ባደዊ ሁለተኛዋን ግብ አገቡ።

ጨዋታው ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር አምበሉ የደረሱት። ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ባስቆጠሩት ግብ ሁለቱ ቡድኖች 2 ለ 2 ሆነው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመሩ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጉ። መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ግብ አክለው ውጤቱን ደመደሙት።

ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ከሜዳ ወደ አሠልጣኝነት፣ ከዚያም ወደ አስተዳደር አልፈው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በዚያ አንድ ቡድን ውስጥ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት የተሻገሩ ወይም በኋላ የሚሻገሩ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ይድነቃቸው ተሰማ፣ ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ መገኘታቸው የዘመኑን ትውልድ ብቃት ያመለክታል።

ተጫዋችና አሠልጣኝ፦ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች

ሉቻኖ ቫሳሎ በተከታታይ የአፍሪካ ዋንጫዎች ለኢትዮጵያ ተሰልፈው በድምሩ 8 ግቦችን አስቆጥረዋል። 10 ግብ ካስቆጠሩት ከመንግሥቱ ወርቁ ቀጥሎም በውድድሩ ብዙ ግብ ያስቆጠሩ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ሆነዋል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በጋና፣ እንዲሁም ራሷ ባስተናገደችው የ1960 ዓ.ም. ውድድር አራተኛ ስትወጣ በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። የተጫዋችነት ዘመናቸው ወደ ማብቂያው ሲደርስም በሜዳ ላይ ለዓመታት የመሩትን ብሔራዊ ቡድን በአሠልጣኝነት ያዙ።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት መሸጋገር ከውጭ ለሚመለከተው ሰው የተፈጥሮ ደረጃ ዕድገት ይመስላል። በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ግን ሁለቱ ተግባራት ይለያያሉ። ተጫዋች የሚጠየቀው ስለ ራሱ እግር፣ ስለ ራሱ ትንፋሽና ስለ ራሱ ውሳኔ ነው። አሠልጣኝ ግን የ11 ሰዎችን እግር በሌላ ሰው ጭንቅላት ያንቀሳቅሳል። ጥሩ ተጫዋች አንድን እንቅስቃሴ ለምን እንደሠራው ሳይጠየቅ ይሠራዋል፤ አሠልጣኝ ግን ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት፣ ማስረዳት ብቻ ሳይሆን ያልተሰጠውም ተጫዋች እንዲሠራው ማድረግ ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት በሜዳ ላይ ድንቅ የነበሩ ብዙ ተጫዋቾች በአሠልጣኝነት ሳይሳካላቸው ቀርቷል። መካከለኛ ተጫዋች የነበሩ ሌሎች ደግሞ ታላላቅ አሠልጣኞች ሆነዋል።

አምበልነት ለዚህ ሽግግር ጥሩ ድልድይ ይሆናል። አምበል በሜዳ ላይ የአሠልጣኙ ዓይንና አንደበት ነው። የተቆጣውን ያበርዳል፤ የተዘናጋውን ያነቃል፤ ዳኛን ያነጋግራል፤ ቡድኑ ሲመራም ሆነ ሲመራበት የጨዋታውን ፍጥነት ይወስናል። ሉቻኖ የመሐል ሜዳ ተጫዋችና አምበል በመሆናቸው ጨዋታውን ከፊትም ከኋላም የማየት ዕድል ነበራቸው።

ሽግግሩን የሚያከብደው ሌላው ጉዳይ ከትናንት ጓደኞች ጋር የሚኖረው ግንኙነት ነው። ትናንት በአንድ ልብስ መቀየሪያ ክፍል አብሮ የተቀመጠን ሰው ዛሬ ከቡድን ማስወጣት ግድ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይም ተጫዋችና አሠልጣኝ በአንድነት የመሆን ልምድ የቆየ ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ኬኒ ዳልግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1986 በዚህ ሁኔታ ከሊቨርፑል ጋር የእንግሊዝን ሊግና የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ በአንድ የውድድር ዘመን ማግኘታቸው ይታወሳል። ይህ ስኬት እንደ ብርቅ የሚጠቀሰው ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ መሸከም ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚታወቅ ነው።

ዛሬ ለዚህ ሽግግር የተዘረጋ መንገድ አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከዲ ጀምሮ በሲ፣ በቢና በኤ ደረጃ አልፎ እስከ ፕሮ ድረስ የሚዘልቅ የአሠልጣኞች ፈቃድ ሥርዓት ዘርግቷል። አንድ የቀድሞ ተጫዋች በሜዳ ያካበተውን ልምድ በሥነ ልቦና፣ በአካል ብቃት፣ በታዳጊዎች አያያዝና በጨዋታ ትንተና ትምህርት ይደግፋል። በሉቻኖ ዘመን ግን አብዛኛው አሠልጣኝ የሚማረው ከራሱ ልምድና ሲያሠለጥኑት ካያቸው ሰዎች ነበር።

የመንግሥቱ ወርቁ መንገድ

ከ1954ቱ ቡድን በአሠልጣኝነት ሌላው ተጠቃሽ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። በጎንደር የተወለዱትና የተጫዋችነት ዘመናቸውን በቅዱስ ጊዮርጊስ ያሳለፉት መንግሥቱ፣ በአሠልጣኝነት ብሔራዊ ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1982 በሊቢያ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅተዋል። ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ በመለያየት ከምድቧ ሳታልፍ ቀርታለች። ይሁን እንጂ የመንግሥቱ ሥራ ክብደት የታየው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ኢትዮጵያ በድጋሚ ለአፍሪካ ዋንጫ ለመድረስ እ.ኤ.አ. እስከ 2013፣ ማለትም 31 ዓመታት መጠበቅ ነበረባት።

መንግሥቱ ወርቁ በአገራቸው ኖረው፣ በአገራቸው አሠልጥነው፣ በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሉቻኖ ቫሳሎ ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ሆነ።

ስደትና የልጆች ሜዳ

የ1966ቱ አብዮት ከፈነዳ በኋላ በአገሪቱ ሕይወት ሁሉ ላይ የመጣው ለውጥ ስፖርቱንም ነካው። ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ ክለቦችም በአዲስ መልክ ተደራጁ። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለሦስተኛ ጊዜ ስታስተናግድ፣ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የተመደቡበት ምድብ ጨዋታዎቹን ያካሄደው በድሬዳዋ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ውድድሯን የጀመረችው ሞሮኮ በመጨረሻ የዋንጫው ባለቤት ሆናለች። የኢትዮጵያ ቡድን ግን ከምድቡ አላለፈም።

ሉቻኖ ቫሳሎ በእነዚያ ዓመታት ለተጫዋቾች አበረታች መድኃኒት መሰጠቱን በይፋ መቃወማቸውን በኋላ ተናግረዋል። ለአንድ የቀድሞ አምበል ጉዳዩ ከውጤት በላይ ነበር፤ የሜዳ ላይ ድል የተጫዋቹን ጤና ከፍሎ መገኘት የለበትም የሚል አቋም ነበራቸው። በዚያ ዘመን የተለየ ድምፅ ማሰማት ዋጋ ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የአህጉሩን ዋንጫ ለኢትዮጵያ ያነሡት ሰው በጅቡቲ በኩል አገር ለቀው ተሰደዱ።

መጨረሻ የሰፈሩት በጣሊያን፣ ከሮም አጠገብ በምትገኘው የባሕር ዳርቻ ኦስቲያ ነው። ወጣት ሳሉ የተማሩት የመካኒክነት ሙያ በስደት ጠቀማቸው። የአሠልጣኝነት ሙያቸውንም አልተዉም፤ በዚያው አካባቢ ለልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቁመው ታዳጊዎችን አሠለጠኑ። ታላላቅ ቡድኖችን ለመምራት የሚበቃ ልምድ የነበራቸው ሰው የመጨረሻ ተማሪዎቻቸው ኳስን ገና በመተዋወቅ ላይ ያሉ የባዕድ አገር ሕፃናት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕይወት ታሪካቸውን በጣሊያንኛ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በመጽሐፉም በአሥመራ የነበረውን የልጅነት ኑሮ፣ የኳስ ዘመናቸውንና ስደቱን ተርከዋል።

ሉቻኖ ቫሳሎ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው በሮም አርፈዋል። ከአገር ከወጡ 44 ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

ለድሬዳዋ የቀረው

ድሬዳዋ ዛሬም የኳስ ከተማ ናት። ድሬዳዋ ከተማ የተሰኘው ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ተሳትፏል። የከተማዋ ስታዲየምም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በተካሄዱበት ጊዜ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኗል። ሆኖም በ1950ዎቹ የታየው ዓይነት የበላይነት ተመልሶ አልመጣም።

የዚያን ዘመን ውጤት ከዕድል ጋር ብቻ አያይዞ ማለፍ ትክክል አይሆንም። ፋብሪካው ለተጫዋቹ የተረጋጋ ኑሮ ሰጠው፤ ተጫዋቹም ለክለቡ ረጅም ዓመት ሰጠ። ክለቡ ተጫዋቾችን ከአካባቢው ብቻ ሳይሆን ከአሥመራ ድረስ አሰባሰበ። ከዚህ ሥርዓት ብሔራዊ ቡድኑ አምበል አገኘ፤ ከአምበሉም አሠልጣኝ ወጣ። አንድ አገር ጥሩ አሠልጣኝ የምታገኘው ጥሩ ተጫዋቾቿ ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ በሙያው ውስጥ የሚቆዩበትን መንገድ ስታዘጋጅላቸው ነው። ያ መንገድ ሲዘጋ ግን የተካበተው ልምድ ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በጥር 1954 ዓ.ም. ያገኘው የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛው ነው። በፍጻሜው ከተቆጠሩት አራት የኢትዮጵያ ግቦች ሁለቱ ከድሬዳዋ የፋብሪካ ክለብ ተጫዋቾች እግር መውጣታቸውን ማስታወስ ለከተማዋ ወጣቶች ከኩራት ያለፈ ትርጉም አለው። በመካኒክነት ሥራ የጀመረ፣ በሁለት ወገን እንግዳ ተደርጎ የታየ ልጅ የአገር አምበል፣ ከዚያም የአገር አሠልጣኝ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። በሌላም በኩል እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲገኝ በሕይወት ሳለ ዕውቀቱን ለተተኪው እንዲያወርስ ቦታ ማዘጋጀት የክለቦችና የስፖርቱ ኃላፊዎች ድርሻ መሆኑን ያሳስባል።